በሮዘተንቪል ወተት ጎደለ

አቶ ፍቅረማርያም ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቴሌቪዥኑ እንዲጠፋ በእጃቸው አዘዙ። ከዚያ መርዶ ነጋሪ በሚያወጣው ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«የዚህ ቤት ሰዎች፣ በሰንበት ከየክፍላችሁ የጠራኋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ልባችሁን አጽኑ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት ጎድሏል።»

ውጭ፣ በጆሃንስበርጉ ሮዘተንቪል መንገድ ላይ፣ አንድ ታክሲ ተሳፋሪ ፍለጋ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ወተት እኮ ሲጠጣ ይጎድላል፣ ጋሼ» አለ ስዩም፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ስዩም መሃል ከተማ ስልክ ይጠግናል፤ የቀረውን ጊዜውን በምንም ነገር እንደማያምን ለሰው በማስረዳት ነው የሚያሳልፈው።

«ሲጠጣ መጉደሉን እኔም አላጣሁትም። ማን ጠጣው ነው ነገሩ። ሁዳዴ ነው። እኔ ጿሚ ነኝ። ወይዘሮ ስንዱ ጿሚ ናት። አንተም አፍህ አይመስክር እንጂ ጿሚ ነህ። ታዲያ ወተቱን ማን ጨረሰው?»

የሁሉም ዓይን ወደ ሽጉጤ ዞረ። ሽጉጤ ከሆሳዕና የመጣ፣ ፔንጤ፣ በትንሽ ባኪ መኪናው ለቴምቢሳ ሱቆች ዕቃ የሚያደርስ ሰው ነው። ወተቱም የራሱ ነው።

«ምን ታዩኛላችሁ? ወተቱ የኔ ነው። እኔ ስጠጣ እኔ አውቃለሁ። እኔ የከሰስኩት ያልጠጣሁትን ነው» አለ።

ዓይኖቹ ከሽጉጤ ተነስተው ጥቂት ተንከራተቱና ጥግ ላይ፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ጫፍ የተቀመጠችው ኤርጎጌ ላይ አረፉ። እዚያው ቀሩ።

የስንዱ ዓይን ብቻ ወደ ኤርጎጌ አልሄደም። ቤቱን ከባለንብረቱ የተከራየችው፣ ክፍሎቹን ለነዚህ ሰዎች ያካፈለችው ስንዱ ናት፤ በዚህ ሸንጎ የዳኛ ወንበር የሚገባው ለእሷ ነበር። እሷ ግን የጠረጴዛውን እግር ትመለከት ነበር። ከወተቱ ጥቂቱን የወሰደችው ራሷ ናትና።

ጥቂት ነው። ደግሞም አልጠጣችውም፤ ስንዱ ጾም የምትፈታ ሴት አይደለችም። ለምን እንደወሰደችው ለማስረዳት ወደ አንድ ፊልም መመለስ ግድ ነው።

በዚያ ቤት እሑድ እሑድ ፊልም ይታያል። እነስንዱ ከቅዳሴ፣ እነሽጉጤ ከአምልኮ ተመልሰው ምሳ ከተበላ በኋላ ሁሉም ሳሎን ይሰበሰባል። ፊልሙ ግን ዝም ብሎ አይመረጥም። መሳሳም እንዳይኖረው፤ ይህ የአቶ ፍቅረማርያም ነው። ጥንቆላ እንዳይኖረው፤ ይህ የሽጉጤ ነው። ተኩስ እንዳይኖረው፤ ይህ የስንዱ ነው፣ ሐበሻ ነጋዴ በሞላበት ጄፒ መንገድ ላይ አልጋ ልብስ ስትሸጥ የሰማችው ይበቃታል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ፊልም እስካሁን ስላልተሠራ ሪሞቱን የሚይዙት አቶ ፍቅረማርያም አጠራጣሪውን ቦታ እየዘለሉ ያሳልፉታል። ብዙ ጊዜ ፊልሙ ምን እንደነበረ ሳይታወቅ ያልቃል።

የስንዱ ልጅ ፌቨን ናት ያንን ፊልም ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ በፍላሽ ገልብጣ ያመጣችው። «የቤተሰብ ፊልም ነው፤ ፕሮሚስ፣ ምንም የለበትም» አለች። ድሮ የተሠራ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነው፤ አገሩ አየርላንድ ነው። ዝናቡ አያባራም፤ ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ነው። አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ሽማግሌ ባልዲውን ሲስብ፣ ክንድ የማይሞላ ሰውዬ ቀይ ኮት ለብሶ፣ አንዲት ጫማ እየሰፋ፣ ባልዲው ውስጥ ተቀምጦ ያገኘዋል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ዓይንህን ካልነቀልክበት ከእጅህ አያመልጥም፤ አንዴ ዓይንህን ካርገበገብክ ግን የለም። የእሱ ወገኖች ከኮረብታው ሥር ይኖራሉ። መንደርተኛው ወተት በሳህን እያደረገ ደጃፉ ላይ ያስቀምጥላቸዋል። ያላስቀመጠ ሰው መጀመሪያ መርፌው ይጠፋል። ቀጥሎ የበር ቁልፉ። በመጨረሻ ልቡ የተንጠለጠለበት ነገር።

«ጥንቆላ ነው?» አለ ሽጉጤ እጁን አንስቶ።

«አይ፣ ጋሽ ሽጉጤ፣ ትንንሽ ሰዎች ብቻ ናቸው» አለች ተርጓሚዋ ፌቨን።

«ትንንሽ ሰዎች ከሆኑ ይሁን።»

የመንደሩ ቄስ መድረክ ላይ ወጥቶ ይህ ሁሉ ተረት ነው ብሎ ይሰብካል፤ ሲመሽ ግን ከካባው ሥር ወተት ደብቆ ይወጣና ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ፍቅረማርያም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ያንን ቦታ ወደ ኋላ መልሰውም አሳዩ። ፊልም ወደ ኋላ ሲመልሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

«ማሚ፣ ይሄ እኮ እዚህ አገር ሌሊት የሚመጣው ድንክ መንፈስ፣ ቶኮሎሺ ነው» አለች ፌቨን ሲያልቅ። «የፈረንጅ ቶኮሎሺ። ጓደኛዬ ሌራቶ አያቷ ቤት አልጋው ሁሉ ጡብ ላይ ነው የቆመው። አጭር ስለሆነ አይደርስም፣ ዩ ኖ?»

«ቴምቢሳም ብዙ ቤት እንደዛ ነው» አለ ሽጉጤ። «ዕቃ ሳደርስ በበር አይቻለሁ። እኛ ግን አናምንም።»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ አቶ ፍቅረማርያም።

«ፕሊስ» አለ ስዩም።

ስንዱም አላመነችም። ያን ቀን ያላመነው ሰው ቁጥር ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ቁጥር ጋር እኩል ነበር።

በሳምንቱ የስንዱ መርፌ ጠፋ። መርፌ ይጠፋል፤ ምንም አይደለም። በማግስቱ ሽጉጤ የባኪውን ቁልፍ አጥቶ ጠዋቱን ሙሉ ግቢው ውስጥ ሲራወጥ አረፈደ። ስንዱ በመስኮት እያየችው፣ በፊልሙ ከመርፌ ቀጥሎ የሚጠፋው ቁልፍ መሆኑ ትዝ አላት። ከዚያ የራሷ ፔፐር ጠፋ።

ፔፐር ማለት የጥገኝነት ፈቃዷ ናት፤ ያለሷ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆም የሚባል ነገር የለም፤ የፌቨን ትምህርት ቤትም፣ ጄፒ ያለችው የሱቅ ግማሽም በሷ ነው የቆመው። ስንዱ ፍራሽ ገለበጠች፣ ካልሲ ሳይቀር በረበረች፣ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳለች። አላገኘችም። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ጭር ሲል ፍሪጁን ከፈተች። ሳህን ብወስድ ይታወቃል ብላ፣ ሽሮ የምታስቀምጥበትን የአይስክሬም ዕቃ ክዳን አነሳች፤ ሁሉም ሐበሻ ቤት እንደሚያደርገው የስንዱም ሽሮና በርበሬ አይስክሬም ዕቃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ክዳኑ ላይ ጣት የማይሞላ ወተት አፈሰሰች፤ በስመአብ ብላ አልጋዋ ሥር ገፋችው፤ ስትነሳም በስመአብ አለች። ይህ ማመን አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው፤ ለራሷ የነገረችው እንዲህ ነው።

ፔፐሯ በማግስቱ ተገኘች። ለናሙና ከምታሳየው አልጋ ልብስ ላስቲክ ውስጥ፣ ከሌባ ብላ ራሷ የከተተችበት ቦታ። ራሷ መክተቷ ትዝ አላት። ግን ማን አስታወሳት?

ስለዚህ ወተቱን መተው አልቻለችም። ከጓሮ ከፈረሰው ግንብም ጡብ አምጥታ አልጋውን ከፍ አደረገችው። ለፌቨን፣ «ሥሩ ዕቃ እንድናስቀምጥበት ነው» አለቻት። ከሸቀጧ እስከ ወለል የሚወርደውን ባለዘርፍ አልጋ ልብስ አለበሰችው፤ ጡብም ወተትም ሸፈነላት።

ያን ሰሞን ገበያም ቀናት። የቤቱ ሰዎች ሁሉ አልጋ ልብስ ፈለጉ፤ ያውም ረጅሙን። አቶ ፍቅረማርያም «ለክብር» አሉ። ስዩም «ለስታይል» አለ። ሽጉጤ ምክንያት አልሰጠም፤ ዘርፉ ወለል መንካቱን ብቻ ሁለቴ ጠየቀ። ስንዱ ደስ ብሏት ሸጠች፤ ሌላ ነገር አላሰበችም። ነጋዴ ገበያው ሲቀናው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ኤርጎጌ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው፤ ዕድሏ ሆኖ። የምትሠራበት የቴምቢሳ ሱቅ ተዘግቶ አክስቷ ፅናት ነች የላከቻት። ፅናት በስልክ ያለችው፣ «ስንድዬ፣ ኤርጎጌን ላኩልሽ» ብቻ ነው። ሌላ ማለት አላስፈለጋትም። ከዓመታት በፊት ሱቆች ሲዘረፉ፣ ስንዱ በየበሩ እየዞረች አንሶላ የምትሸጥ እንግዳ ሳለች፣ ከፓፕ ገንፎ የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ጀርባ ደብቃት፣ «እዚህ ማንም የለም» ብላ በሩ ላይ የቆመችው ፅናት ናት። ያንን ነገር አንድ ቀን አንስታባት አታውቅም። ስንዱ ትርፍ ክፍል ስላልነበራት ለልጅቷ ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ አነጠፈችላት። በቤቱ አልጋ የሌላት ኤርጎጌ ብቻ ናት።

አሁን ሁሉም የሚያያት እዚያ ፍራሽ ጫፍ ላይ ሆና ነው። ዓይን ሳይነቅሉ፣ ሳያርገበግቡ።

«እኔ ወተት ጠጥቻለሁ» አለች ኤርጎጌ። «በሻይ። ጠዋት ጠዋት፣ እናንተ ፊት። ጋሽ ሽጉጤ ራሱ ነው ጠጪ ያለኝ።»

«ብያለሁ» አለ ሽጉጤ። «በሻይ ብያለሁ። እንደ ጥጃ አላልኩም።»

«ጥጃ አይደለሁም።»

«ይቆየን» አሉ አቶ ፍቅረማርያም። «ሁለተኛ ጉዳይ አለ። የሽሮና የበርበሬ ዕቃዎች ክዳን አልቋል። ወጥ ቤት ገብታችሁ እዩ፤ በርበሬው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሦስተኛ፣ የጓሮው ግንብ እያጠረ ነው። ፈርሶ የቀረውን ያህል እንኳ አልቆመም። ባለንብረቱ ቢመጣ ምን እንለዋለን? ይህ ሁሉ የሆነው ይህች ልጅ ከመጣች ወዲህ ነው።»

«ግንብም በሻይ ትጠጣለች?» አለ ስዩም።

ማንም አልሳቀለትም። ራሱም ቶሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ስንዱ ክዳን የሚለውን ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ። እሷ የወሰደችው አንድ ክዳን ነው። ሌሎቹንስ? ከወተቱ እሷ የቀዳችው ጥቂት፤ የጎደለው ግን ብዙ። ጡቡም እንዲሁ። ቀና ብላ በየተራ ፊታቸውን ተመለከተች። አቶ ፍቅረማርያም ፊታቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ነው፤ ምንም አያሳይም። ሽጉጤ ላብ ላብ ብሎታል፤ ግን ሽጉጤ ሁሌም ላብ ይለዋል። ስዩም ስልኩን ገልብጦ ነው የያዘው። እንግዲህ ልጅቷ ትሆን? አለች በልቧ፤ ሐሳቡም ደስ የማይል ዓይነት ደስታ ሰጣት። ልጅቷ ከሆነች እሷ የወሰደችው በልጅቷ ጥፋት ውስጥ ይጠፋል።

«እኔስ የምለው» አለ ስዩም፣ «ክዳን ከጠፋ ክፍል ለክፍል ብንፈትሽ አይገኝም?»

«የሰው ክፍል መፈተሽ ነውር ነው!» አሉ አቶ ፍቅረማርያም።

«ነውር ነው!» አለ ሽጉጤ።

«ነውር ነው» አለች ስንዱ።

ሦስቱም ቃሉን ያወጡት አንድ ላይ ነው፤ የማዕድ ጸሎት ላይ እንኳ እንዲህ ገጥመው አያውቁም። ስዩምም ወዲያው፣ «አይ፣ ቀልዴን እኮ ነው። የኔ ክፍል ደግሞ... ማለቴ ፕራይቬሲ አለ» አለ።

ኤርጎጌ አንዳቸውን ከአንዳቸው እያፈራረቀች አየች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ከትራስጌዋ ቦርሳዋን ጎትታ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። አንድ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ቻርጀር፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለቆዳ የሚሆን ቫዝሊን። ክዳኑ የቫዝሊኑ ብቻ ነው።

«የኔ ይኸው» አለች። «ክፍሌ ይሄ ነው።»

ይሄ ነገር መልስ ስለሌለው አቶ ፍቅረማርያም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ስለ እምነት ተናገሩ፤ አንድ ቤት ውስጥ አንድ የማይታመን ሰው ካለ ሁሉም እርስ በርሱ እንደሚጠራጠር ተናገሩ። ሽጉጤ ወተት ምን ያህል እንዳመጣ ተናገረ። ስዩም ሁለቱንም ተው አለ፤ ተው ሲል ከሁለቱም በላይ ጮኸ። ፌቨን መኝታ ቤቱ ኮሪደር አፍ ላይ ቆማ ጣቷን ታኝካለች።

በዚህ ሁሉ ጩኸት ማንም ያልሰማው ነገር ነበር። ሰፈሩ ከዓርብ ጀምሮ ውሃ የለውም። ጆሃንስበርግ ውሃ ሲጠፋ ሐበሻ ቤት የሚደረገው አዲስ አበባ የሚደረገው ነው፦ ቧንቧው ተከፍቶ ይተዋል፣ ሥሩ ባልዲ ይደቀንበታል፣ ውሃው ሲመጣ ባልዲው ይጮኻል፣ የሰማ ይሮጣል። ባልዲው የተደቀነው መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ነው። የአቶ ፍቅረማርያም ነጠላ ደግሞ ለመታጠብ ውሃ እየጠበቀ እዚያው ገንዳ ውስጥ፣ ማፍሰሻው አፍ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ባልዲው ጮኾ ነበር። አቶ ፍቅረማርያም ግን ከባልዲው በላይ ጮኸዋል።

«ነገሩን እናሳጥረው» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷ ነገ ወደ አክስቷ ትመለስ።»

«አክስቴ አዳራሽ ውስጥ ነው የምታድረው» አለች ኤርጎጌ። «ቤተ ክርስቲያኑ ነው ያስጠጋት። ሱቁም ክፍሉም አንድ ላይ ነው የተዘጋው። ቦታ ቢኖራት አትልከኝም ነበር።» ይህን ስትል ወደ አቶ ፍቅረማርያም አይደለም የምታየው። ወደ ስንዱ ነው።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ፍቅረማርያም። «ቃሉ ካንቺ ይውጣ።»

ስንዱን ከዱቄት ጆንያው ጀርባ የሰማችው የፅናት ድምፅ መጣባት፦ እዚህ ማንም የለም። እውነቱን ብትናገር ምን ትላለች? በሁዳዴ ከፔንጤ ወተት ሰርቄ፣ አልጋዬ ሥር ለፈረንጅ ቶኮሎሺ አቅርቤ ነው ልትል? አቶ ፍቅረማርያም ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ይገባሉ። ከቤተ ክርስቲያን ጄፒ ይወርዳል። ከጄፒ ወዲያ ደግሞ የማይሰማ ሐበሻ የለም። ዝም ብትል ግን ልጅቷ ነገ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወጣለች። ፅናትም ደውላ አንድ ቃል አትናገራትም፤ እሱ ነው የባሰው።

«እንግዲህ...» አለች ስንዱ። «ነገ...»

እግሯን በረዳት።

ቁልቁል አየች። ውሃ ነው። ቤቱ ያረጀ ነው፤ ወለሉ ወደ ሳሎን ያዘነብላል፤ ኮሪደር ላይ ያመለጠ ሽንኩርት የሚገኘው ሶፋ ሥር ነው። ድሮ የነበረው ምንጣፍ ከክፍሎቹ ከተነቀለ ወዲህ በሮቹም ከሥር አጥረው ቀርተዋል። ውሃው ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ፣ በየበሩ ሥር ገብቶ፣ ክፍሎቹን ዞሮ፣ በየበሩ ሥር ተመልሶ እየወጣ ነው። ቀስ ብሎ፣ ማንንም ላለመረበሽ እንደሚጠነቀቅ እንግዳ። የኤርጎጌ ፍራሽ ጠርዝ ጠቆረ።

አቶ ፍቅረማርያም ከሁሉም ለኮሪደሩ የቀረቡት ነበሩ። ድንገት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ አስተካከሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀና አሉ። ስንዱ አየቻቸው። ሸበጥ ነበር ያደረጉት።

«ውሃ!» አለ ስዩም።

ከዚያ ከስዩም በር ሥር አንድ ነገር ብቅ አለ። ሰማያዊ ነው፤ የቫኒላ አይስክሬም ሥዕል አለበት። በጀርባው ተንሳፍፎ፣ እንደ ጀልባ ቀስ እያለ እየዞረ፣ ያቀፈውን ትንሽ የረጋ ወተት ይዞ ወደ ሳሎን መጣ። ስዩም «ኧረ!» ብሎ ሊይዘው ሲል ከእግሩ ሥር አለፈው። ቀጥሎ ከሽጉጤ በር ቀዩ ክዳን፤ ጠርዙ በርበሬ የነካው። የሽጉጤው ተዘቅዝቋል፤ ከኋላው ነጭ መስመር እየጎተተ ነው።

«ይኸው!» አሉ አቶ ፍቅረማርያም፣ ጣታቸውን ቀስረው። «ይኸው! ጉዱን እዩት!»

ከስንዱ በር ሁለት ወጣ። ስንዱ ያስቀመጠችው አንድ ነው። ወደ ፌቨን ዞረች፤ ፌቨን ጣሪያውን እያየች ነበር።

ያኔ ሁሉም ተንቀሳቀሰ። የሚገርመው ከስንዱ በቀር ማንም ወደ ቧንቧው አልሮጠም፤ ሌላው ሁሉ ወደየክፍሉ ነው የበረረው። ስንዱ ቧንቧውን ዘግታ፣ ነጠላውን ከማፍሰሻው አንስታ፣ ጨምቃ፣ ባልዲው ላይ ሰቅላ ወደ ሳሎን ስትመለስ በሮቹ ሁሉ ክፍት ነበሩ። የአልጋ ልብሶቹ ዘርፍ ውሃውን ጠጥቶ ከብዷል፤ እያንዳንዱ ሰው አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ዘርፉን ወደ ላይ እየሰበሰበ ነው። ሥሩ ጡብ ነው። በእያንዳንዱ እግር ሥር፣ ከአንዱ ግንብ የወጣ፣ አንድ ዓይነት ቀይ ጡብ። የአቶ ፍቅረማርያም አልጋ ከሁሉም ከፍ ብሎ ሦስት ሦስት ተደራርቦ ነው የቆመው፤ ከሥሩ ግን ምንም ክዳን የለም።

የማንም ፍራሽ አልራሰም። በቤቱ የራሰው የኤርጎጌ ብቻ ነው።

አንድ በአንድ ወደ ሳሎን ተመለሱ። ሽጉጤ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ያያል፤ ሰዓቱ ከቆመ ቆይቷል። ስዩም የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያል። አቶ ፍቅረማርያም ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው በመስኮት ውጭ ያያሉ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ቀይ ኮቱን እንደለበሰ በመሃላቸው ቢያልፍ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ኤርጎጌ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች። ክዳኖቹን ከውሃው ላይ ለቀመች፤ የቀረውን ወተት ባልዲ ውስጥ ደፋች፤ በሹራቧ ጫፍ ጠራርጋ ወጥ ቤት ገባች። ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ፦ ቀጭ። ልኩን ያገኘ ክዳን የሚያወጣው ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ስንዱ እያንዳንዱ ቀጭ ባለ ቁጥር አንገቷን ሰበር ታደርጋለች።

ከዚያ ሄዳ የራሰውን ፍራሽ በአንድ በኩል አነሳች። ከበዳት። «ፌቨን፣ ያዢልኝ» አለች። «ግድግዳው ላይ እናቁመው። ኤርጎጌ ከኛ ጋር ነው የምታድረው። አልጋው ሰፊ ነው።» ከዚያ ነገሩ ከተጀመረ አይቀር ብላ ይመስላል፣ «ከፍ ያለም ነው» ብላ ጨመረች።

ማንም አልተቃወመም። ሽጉጤ መጥረጊያ ፍለጋ ሄደ።

«እትዬ ስንዱ!» አለች ኤርጎጌ ከወጥ ቤት። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው። «ሁሉም ገጠመ። የምጥን ሽሮው ዕቃ ብቻ ክዳን አጣ። አንድ ይቀራል።»

ስንዱ ወደ ስዩም ዞረች። ስዩም ራሱን ነቀነቀ። ሽጉጤ ከጓዳ በር ላይ መጥረጊያውን እንደያዘ ባዶ መዳፉን አሳየ። ፌቨን «ኖት ሚ» አለች።

አቶ ፍቅረማርያም ውጭ ውጭ ማየታቸውን አላቆሙም። ግን ከጋቢያቸው ጠርዝ አንድ ነጭ ጠብታ ወርዶ ሸበጣቸው ላይ አረፈ። ሌላ ተከተለው። ስንዱ ጠብታውን አየች፤ ከዚያ ስዩም አየ፤ ከዚያ ሁሉም አዩ።

አቶ ፍቅረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡና አረንጓዴውን ክዳን፣ ወተቱ እየተንጠባጠበ፣ ጠረጴዛው ላይ ከሪሞቱ አጠገብ በቀስታ አስቀመጡት።